በእድሩ ቃሬዛ ላይ የተኛሁ ቀን

ቤቴል ፊልም እንሂድ ስትለኝ መጀመሪያ እምቢ አልኳት። የወንድሜ ልጅ ናት። ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ሁለተኛ ዓመት ደርሳለች፤ ዘንድሮ ግን በትምህርት መሀል «ትንሽ ልረፍ» ብላ ሶዶ እኔ ቤት መጥታ ተቀምጣለች። ከምን እንደምታርፍ አልጠየቅኳትም። ሰው ያልነገረኝን አልጠይቅም፣ ያልተጠየቅኩትንም አልናገርም። እኔና ሰው እስከ ዛሬ በዚህ ተቻችለን ኖረናል።

«አክስቴ፣ ልጆች ተሰባስበው የሠሩት ፊልም ነው። ስለ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ነው» አለችኝ በማግስቱ።

«ሌላ ጓደኛ የለሽም?»

«ካንቺ ጋር ማየት ፈልጌ ነው።»

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ባጃጅ ይዘን ወረድን። አዳራሹ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮበታል፤ ፈንዲሻና እርጥብ ጃኬት ይሸታል። ፊልሙ ተጀመረ። አንዲት ቆንጆ ልጅ ማደሪያ ክፍሏ ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፤ አትማርም፣ አትበላም። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ለጎረቤቷ «ምን ጎደለባት? መንግሥት እያበላት» ስትል ሰማሁ። ጎረቤቷ ሳቀች። በስክሪኑ ላይ ያለችው ልጅ ደግሞ እንባዋን እንደ ቧንቧ ለቀቀችው። ከሴቶቹ ሳቅ ይልቅ ያ እንባ አናደደኝ።

ምክንያቱም እኔም ፊልም ሠርቻለሁ። በዚያ ፊልም ሞቻለሁ፣ ተለቅሶልኛል፣ ገበያ ሙሉ ሰው እያየኝም ተነስቻለሁ። ስሜ ግን የትም ቦታ አልወጣም። ታሪኩን ሌሎች ሠላሳ ዓመት ያህል እንደፈለጋቸው ሲያወሩት ኖሩ። ግማሾቹ አርፈዋል። ያሉት ያንብቡት።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከትውልድ ቀዬዬ ከጉኑኖ ወጥቼ ለመምህርነት የሚያሠለጥን ኮሌጅ ገብቼ ነበር፤ የኮሌጁን ስም አላነሳም። ስሄድ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን እስከ መኪናው ድረስ እየዘመሩ ሸኝተውኛል። ለሴት ልጅ እንዲህ ያለ ሽኝት ያን ጊዜ ብርቅ ነበር።

ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ነገሩ መጣ። ሲመጣ ድምፅ አልነበረውም። አንድ ቀን ጠዋት የጫማዬን ክር ማሰር አቃተኝ። ክሩን በሁለት እጄ እንደያዝኩ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ደወል ተደወለ፣ ልጆቹ ክፍል ገቡ፣ ተመልሰውም መጡ፤ እኔ ክሩን እንደያዝኩ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ጫማውን ማንሳት ተውኩ። የካፌው ሽሮ፣ ከቤት የተላከልኝ ቆጮ፣ የጎመኑ ክትፎ፣ ሁሉም አፌ ውስጥ አንድ ዓይነት ሆነ። የቃሪያው ማባያ ዳጣ እንኳ አላቃጠለኝም። ዳጣ የማያቃጥለው ወላይታ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አልማዝ የምትባል የሶዶ ልጅ አብራኝ ታድር ነበር፤ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ ሻይ በፔርሙስ የምታመጣ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ በለስላሳ ድምፅ የምትጠይቅ። በሕይወቴ ለሰው ልቤን የከፈትኩት ያኔ ነው፤ ለእሷ። እንቅልፍ እንደሌለኝ ነገርኳት። በግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች በዓይኔ ስከተል እንደሚነጋ ነገርኳት። እጄን ይዛ ሰማችኝ። በጣም በጥሞና ነበር የሰማችኝ፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ገባኝ።

በመጨረሻ አጎቴ ተጠርቶ መጣ። አጎቴ ጳውሎስ የእናቴ ወንድም ነው፤ ጉኑኖ ገበያ ላይ ሱቅ ነበረው፣ በቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ነበር። አባቴ ካረፈ ወዲህ በቤታችን ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነበር። ክፍሌ በር ላይ ቆሞ አየኝ፣ ወደ ውስጥ እንኳ አልገባም። ተማሪው ሁሉ በሚሰማበት «እህቴ የላከችሽ ለመተኛት ከሆነ፣ እቤትም አልጋ አለ» አለኝ። ጓዜን አስይዞ ወሰደኝ። በእሑዱ ጉባኤ ላይ ደግሞ ተነስቶ «በስንፍና መንፈስ ለተያዘችው የእህቴ ልጅ ጸልዩ» ብሎ ስሜን አወጣ። በዝማሬ የሸኙኝ መዘምራን አንገታቸውን አዙረው አዩኝ። ከዚያም ፈረደ፦ ወደ ኮሌጅ መመለስ የለም። ከፋሲካ በኋላ አረካ ከተማ ላለ፣ ሚስቱ ለሞተችበት ዝንጅብል ነጋዴ ልዳር። «ሥራ ሲበዛባት ትነቃለች» አለ።

እናቴ በወንድሟ ፊት ተናግራ አታውቅም። ጠዋት ጠዋት ቦይና የምንለውን ጎደሬ ቀቅላ፣ ቅቤ አድርጋ፣ አጠገቤ ታስቀምጣለች፤ ሲቀዘቅዝ መልሳ ታነሳዋለች። አንድም ቀን «ብዪ» አላለችኝም። እስከ ዛሬ የማመሰግናት ለዚህ ነው።

ጥር ላይ፣ ኮሌጁ ሲዘጋ፣ አንዲት ሚኒባስ በራችን ላይ ቆመች። «ጓደኞችሽ ሊጠይቁሽ መጡ» አለችኝ እናቴ፣ ፊቷ በርቶ። አልማዝ ወረደች። ከኋላዋ ታምራት ወረደ፤ የኮሌጁ የድራማ ክበብ ኃላፊ ነበር፣ በዚያ ሙቀት የቆዳ ጃኬት ለብሶ። ቀጥሎ ሠርግ የሚቀርጽ ልጅ ያንን ትልቅ የትከሻ ካሜራ እንደ ሕፃን አቅፎ ወረደ፤ ሌሎች ወንዶች ተማሪዎችም ተከተሉት። ብርቱካን ይዘውልኛል። ብርቱካኑን ከሰጡኝ በኋላ ታምራት ለእናቴ «ፊልም እየሠራን ነው፣ እማማ። የገጠር ቤት አስፈልጎን ነው» አላት።

«ስለ ምንድን ነው?» አለች እናቴ።

«ስለ አንዲት ተማሪ ነው።»

«ምን የሆነች ተማሪ?»

ታምራት ወደ አልማዝ አየ። «የምትታመም» አለ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

አልማዝ የእኔን አልጋ ፈልጋ ተኛችበት። ፀጉሯን በተነች። በርጩማ ላይ ግድግዳ ተደግፌ አያታለሁ። ካሜራው ሲጀምር ዓይኗ በእንባ ሞላ፣ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ «እንቅልፍ የለኝም» አለች፤ «የግድግዳውን ስንጥቅ ስከተል ይነጋል።»

ቃል በቃል። በሻይና በለስላሳ ድምፅ የወሰደችብኝ ቃል፣ በገዛ አልጋዬ ላይ፣ በገዛ ጆሮዬ። የሆነ ነገር ከሆዴ ተነስቶ እስከ ጉሮሮዬ አቃጠለኝ፤ ልክ እንደ ዳጣ። ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማኝ ስሜት ንዴት ነበር፤ እንዴት ጣፋጭ እንደነበረ ልነግራችሁ አልችልም። እጄ ሞቀ። ተነስቼ ቆምኩ።

«እንደሱ አይደለም» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች፤ ድምፄን ከሰማች ቆይታለች።

«የታመመ ሰው አያለቅስም» አልኩ። «ማልቀስ ጉልበት ይፈልጋል። ተነሺ።»

አልማዝን ከአልጋዬ አስነስቼ ተኛሁ። ምንም አላደረግኩም፤ ለወራት የተኛሁትን መተኛት ተኛሁ። ካሜራ የያዘው ልጅ ቀስ ብሎ «ታምራት፣ ይቺ ናት» አለ።

«ዋናዋ አልማዝ ናት» አለ ታምራት። «ይቺን ከኋላ ብቻ ቅረጻት፣ ፊቷ እንዳይገባ።»

ከኋላ ተቀረጽኩ። ለማንም የማይታይ ጀርባ ይዤ ቀኑን ሙሉ ሠራሁ፤ ሲመሽም ርቦኝ ነበር። እናቴ የሰጠችኝን ቦይና በልቼ ጨረስኩ፤ ባዶውን ሳህን ደጋግማ አየችው።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። የታምራት ፊልም የሚያልቀው ተማሪዋ በቃሬዛ ወደ ሐኪም ቤት ስትወሰድ ነው። ቃሬዛ ያለው እድር ቤት ነው። ታምራት ሄዶ ለጠባቂው «በሽተኛ አለን» አለው። በእኛ አገር የእድር ቃሬዛ ሲጠየቅ ይሰጣል እንጂ ለማን ተብሎ አይመረመርም፤ ጥያቄው በኋላ ነው። ጠባቂው አወጣለት፤ ከዚያም ግዴታው ስለሆነ ቃሬዛው ወደ እኛ ቤት መውጣቱን ለእድሩ ለፋፊ ነገረ። ታምራት ይህን አላወቀም። የከተማ ልጅ ነው።

ቃሬዛው ሲመጣ አልማዝ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «ሬሳ የተጫነበት ላይ? ሞቼ ነው ወይ የምተኛበት?»

«እኔ እተኛለሁ» አልኩ።

ታምራት ነጭ ጋቢ አምጥቶ ከእግሬ እስከ ራሴ አለበሰኝ። ፊቴንም ሸፈነው፤ ሰው አልማዝ ናት ብሎ እንዲያስብ ነው። «የቀረችን ካሴት ይቺ ብቻ ናት» አለኝ። «ምንም ብትሰሚ እንዳትንቀሳቀሺ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በእኛ ዘንድ በሽተኛ በቃሬዛ ሲሄድ ፊቱ አይሸፈንም። መንገዱን ያያል፤ መንገደኛውም ያየዋል፣ «እግዚአብሔር ይማርህ» ይለዋል። ፊቱ የተሸፈነ ሌላ ነገር ነው። ታምራት አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። ግን ማን ጠየቀኝ?

ተማሪዎቹ አንስተውኝ ወጡ። በጋቢው ውስጥ ብርሃኑ ወተት ይመስላል። ጥር ነበርና በየደጁ ዝንጅብል ተሰጥቷል፤ ሽታው ከቀዩ አቧራ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬን ይነዝረኛል። ካሜራው ከፊት ወደ ኋላ እየተራመደ ይቀርጻል። ትንሽ እንደሄድን ከማሳ ውስጥ አንድ መቆፈሪያ መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማሁ፤ ከዚያ ሌላ። ቃሬዛ ያየ ሰው የያዘውን ጥሎ ትከሻውን መስጠት አለበት፤ አባቶቻችን ያስተማሩን ነው።

«አንተ ልጅ፣ ትከሻህ አልለመደም፤ አምጣው» አለ አንድ የሽማግሌ ድምፅ።

«አባባ፣ ፊልም ነው፣ ልቀቁ» አለ ታምራት።

«ሐዘን ላይ እንዲህ አይጮህም፣ ልጄ። ዘመዷ ነህ?»

ቃሬዛው ከፍ አለ። የተማሪዎቹ መንገዳገድ ቀርቶ የገበሬዎቹ ጠንካራ እርምጃ ተተካ። ታምራት ከኋላ እየሮጠ ይጮሃል፤ ሰው ሐዘን ያናወዘው ወጣት መስሎት «አይዞህ» ይለዋል። ከግራና ከቀኜ ደግሞ ተሸካሚዎቹ በወላይትኛ ይጫወታሉ።

«የማን ልጅ ናት?»

«የባለ ሱቁ የጳውሎስ እህት ልጅ። ኮሌጅ የነበረችው።»

«ያቺ ሰነፍ የሚሏት?»

ቃሬዛውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወሩ።

«ሰነፍ ሰው እንዲህ አይቀልም» አለ ሽማግሌው። «ሰነፍ ይወፍራል። ይቺ ልጅ እንደ ደረቅ ኮባ ናት። ምን በልታ ሰነበተች?»

«ምንም አትበላም ነበር አሉ።»

«ታዲያ ታማ ነዋ።»

ታማ ነዋ። እንዲህ ቀላል ነበር። ኮሌጅ ሙሉ መምህር፣ ጉባኤ ሙሉ ሽማግሌ ያላለውን፣ የማያውቀኝ ሰው በትከሻው መዝኖ ተናገረው። ልቤ መምታት ጀመረ። ጋቢው ላይ እንዳይታይብኝ ፈራሁ።

ገበያው ዳር ስንደርስ ለፋፊው ቀድሞን መሞቴን ለፍፎ ነበር። የሴቶቹ ለቅሶ እንደ ንፋስ ተነሳ። ስሜን ይጠራሉ። አንዷ «ወንዝ ስንወርድ እንስራዬን የምታሸክመኝ» ትላለች፤ ሌላዋ «በዝማሬ ሸኝተናት በዝምታ ተቀበልናት» ትላለች። ይህችኛይቱ ከመዘምራኑ ናት፤ አንገታቸውን አዙረው ካዩኝ አንዷ። ጥሩ አድርጋ አለቀሰች፤ አልከለከልኳትም።

ከዚያ የአጎቴን ድምፅ ሰማሁ። ሱቁን ክፍት ትቶ መጥቷል። ቃሬዛው ቆመ። እንጨቱን ያዘ።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለ። «ታማ ሳለች ሰነፍ አልኳት። በጉባኤ ፊት ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ትንሽ ጠበቅኩ፤ ይጨምር እንደሆነ ብዬ።

ጨመረ። «ጌታ ሆይ፣ አንድ ጊዜ ብትመልስልኝ ለማንም አልድራትም ነበር። በገዛ እጄ ወስጄ ኮሌጅ አስገባት ነበር። ይህ ሁሉ ሕዝብ ምስክሬ ነው።»

ይህ ይበቃኛል አልኩ። ጋቢውን ገልጬ ቁጭ አልኩ። ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ።

«አጎቴ፣ ሰኞ ይመችሃል?» አልኩት።

የሆነውን ሁሉ መናገር አልችልም። ከተሸካሚዎቹ ሁለቱ ሸሹ፣ ሽማግሌው ግን ቃሬዛውን አልለቀቀም፤ በእሱ በኩል ተንጠልጥዬ ቀረሁ። አንዲት ወፍራም ሴት የተሰጣ ዝንጅብል ላይ ወደቀች። ወዲያ ሃሌሉያ፣ ወዲህ እሪታ፤ በግ ገመዱን በጥሶ በሰው እግር መሀል ይሮጣል። ካሜራ የያዘው ልጅ አንዴም አላቆመም፣ ይቀርጻል። አልማዝ ብቻ እጇን እያወናጨፈች «ፊቷ ገባ፣ ፊቷ ገባ» ትላለች። ሳቅኩ። የራሴን ሳቅ ስሰማ ደነገጥኩ፤ የሌላ ሰው ነበር የመሰለኝ።

እናቴ ለቅሶውን ሰምታ ስትሮጥ ደረሰች። የቆጮ ሊጥ እጇ ላይ እንደተጣበቀ በጥፊ መታችኝ፣ ከዚያ አቀፈችኝ፣ አለቀቀችኝም። ሊጡ ፀጉሬ ላይ ደረቀ።

አጎቴ ግን ከድንጋጤው ሲመለስ ተቆጣ። በትሩን አነሳ። «በእኔ ልትቀልድ ነው? ድራማ ነው አሉ እኮ።»

«የእነሱ ድራማ ነው» አለ ሽማግሌው። «እኛ የተሸከምነው ሰው ነው። ጳውሎስ፣ ና አንተም ያዝ፤ ክብደቷን እየው። ካፍህ የወጣውን ደግሞ ገበያው ሰምቷል። አሁን ወደ ሐኪም ትሄዳለች። የእድር ቃሬዛ ከነበሽተኛው ከመንገድ አይመለስም።»

ሰው ሁሉ «እውነት ነው» አለ። እናቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በወንድሟ ፊት አፏን ከፈተች፦ «ያዝ» አለችው።

አጎቴ በትሩን ለሰው ሰጥቶ ትከሻውን አስገባ። እንደገና ተኛሁ፤ አሁን ፊቴ ክፍት ነው። ሰማዩን እያየሁ፣ «እግዚአብሔር ይማርሽ» እየተባልኩ፣ ሚኒባሷ ድረስ ሄድኩ። አረካን አልፈን ዳሞታ ተራራ ከፊታችን ሲወጣ፣ ያን ያህል አረንጓዴ መሆኑን ረስቼው ነበር። አጎቴ እስከ ሶዶ ድረስ አጠገቤ ተቀምጦ ሄደ።

ሐኪሟ የደከማት ሴት ነበረች። «እንቅልፍሽ እንዴት ነው?» አለችኝ።

አጎቴ «ትተኛለች እንጂ፣ ቀኑን ሙሉ…» ብሎ ጀመረ።

«እሷን ነው የጠየቅኩት» አለችው።

ማንም ጠይቆኝ የማያውቅ ጥያቄ ነበር። አልማዝ የጠየቀችኝ ልትሠራበት ነው። ይቺ ሴት ግን ጠይቃኝ ዝም ብላ ጠበቀች። ነገርኳት። በሽታ መሆኑን፣ መድኃኒትም ጊዜም እንደሚፈልግ ነገረችኝ። እውነቷን ነው፤ ጊዜ ፈለገ። ገበያ መሀል ስለተነሳሁ የዳንኩ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ጠዋት የጫማዬን ክር ይዤ ቀርቻለሁ። ኮሌጅ የተመለስኩትም በቀጣዩ ዓመት ነው፤ ግን በአንድ ሰኞ ቀን፣ ጓዜን አጎቴ ተሸክሞ።

አሁን ሒሳቤን ልዝጋ። ፊልሙ በኮሌጁ አዳራሽ ሲታይ የአልማዝ ፊት ነበረበት፣ ቃሬዛው ላይ ያለው ገላና አልጋው ላይ ያለው ጀርባ የእኔ ነበር፤ ስገለጥ ያለው ተቆርጦ ወጥቷል። ለለቅሶው ትዕይንት ታምራትን አጨበጨቡለት፤ ያን ሁሉ ሰው እንዴት አሠለጠንክ ብለው ጠየቁት፣ እሱም «ብዙ ልምምድ ይጠይቃል» አለ። አጎቴ ደግሞ እስኪያርፍ ድረስ በየጉባኤው እየቆመ መሰከረ፦ የእህቱ ልጅ ሞታ፣ ገበያ መሀል በጸሎቱ እንዳስነሳት። ሰዎች መጥተው እጄን ይነኩ ነበር። በሕይወት ሳለ አላሳፈርኩትም፤ ትከሻውን ሰጥቶኛልና። እንግዲህ አርፏል። አልሞትኩም ነበር። ታምሜ ነበር። ልዩነቱን ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ።

የሶዶው ፊልም አለቀ። የተዋት ወጣት ሲመለስላት ልጅቷ ተነስታ አበባ ይዛ ሳቀች። ሰው አጨበጨበ።

«እንዴት ነበር፣ አክስቴ?» አለችኝ ቤቴል ስንወጣ።

«ልጅቷ እንባ አበዛች።»

ቤቴል ቆም አለች። «አዎ» አለች። «እኔም በልቤ እንደሱ አይደለም እያልኩ ነበር።»

የገዛሁላት ፈንዲሻ እንደነበረ እጇ ላይ ነው። መንገዱ ከዝናቡ የተነሳ ያንሸራትታል፤ እንዳልወድቅ ክንዷን ያዝኩ፤ ግን እሷ ናት እኔ ላይ የተደገፈችው። መላ ክብደቷን ጥላብኛለች፤ ክንዴ ግን ምንም አልከበደውም። ሽማግሌው ትከሻው ላይ ምን እንደተሰማው ያኔ ገባኝ።

ባጃጅ ቆመልን። አላስገባኋትም፤ ሹፌሩን እለፍ አልኩት። ያልተነገረኝን የማልጠይቅ ሴት ነኝ ብያለሁ። አዳራሹ በር ላይ፣ ሰው እየገፋን ሲያልፍ፣ ጠየቅኳት።

«ቤቴል፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው?»

ዝም ብዬም ጠበቅኩ።